ሰይፍ ሳይመዘዝ፦ ውጊያ የሌለባቸውን የሮልፕሌይ ትዕይንቶች እንዴት እንምራ?

ሮልፕሌይ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው አብረው ታሪክ የሚጫወቱበት ጨዋታ ነው፤ የጨዋታው መሪ ዓለሙንና የቀሩትን ሰዎች ይጫወታል፣ ውጤቱ ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ውጊያ ሲጀመር ጠረጴዛው፣ ማለትም አብሮ የሚጫወተው ቡድን፣ ነቃ ይላል። ሁሉም ዳይሱን ያነሳል። ተራ ይያዛል። ማን ቆሰለ፣ ማን ምን ቀረው ይባላል። የመጨረሻው ጠላት ሲወድቅ ትዕይንቱ ማለቁን ማንም አይጠራጠርም።

ከዚያ ተጫዋቾቹ ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። አንድ ሽማግሌ ጀልባው ላይ ተቀምጧል። የጨዋታው መሪ «እሺ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ዝም። ከመካከላቸው አንዱ ደፈር ብሎ «አሻግረን» ይላል። የቀሩት ስልካቸውን ያወጣሉ።

ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጥፋቱ ግን የተጫዋቾቹ አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የሮልፕሌይ ጨዋታ ሲያወጡ የተነሱት በትንንሽ ምስሎች ከሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነበር። ለውጊያ ዝርዝር ሕግ ነበራቸው። ንግግሩ በአብዛኛው ለጠረጴዛው ተተወ። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ጨዋታዎችም ይህንኑ ወርሰዋል። ውጊያ አራት ነገር ሳትለፉ ይሰጣችኋል፦ ግብ፣ እንቅፋት፣ ዋጋና ማብቂያ። ድርድር፣ ምርመራ፣ ጉዞ ወይም ድግስ ግን አራቱንም አይሰጥም። ይዛችሁ መምጣት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ይህ መመሪያ እንዴት እንደምታመጧቸው ነው የሚያሳየው። ከሽማግሌው ባለ ጀልባም ብዙ አንርቅም።

ደረጃ 1፦ የትዕይንቱን ጥያቄ ጻፉ

ትዕይንቱ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ጥያቄ በወረቀት ላይ ጻፉ። «ዛሬ ሌሊት ይሻገራሉ ወይስ አይሻገሩም?» «ንግሥቲቱ ታምናቸዋለች?» «መርዙን ማን እንደጨመረ ያውቃሉ?» መልሱ ሁለት ዓይነት ሊሆን መቻል አለበት። ሁለቱም መልሶች ታሪኩን ወደ አንድ ቦታ መውሰድ አለባቸው።

ጥያቄ ካጣችሁለት ትዕይንት አይደለም። ገመድ መግዛት ነው እንበል። «ገመዱን ገዛችሁ፣ ሂሳቡን ቀንሱና ወደ ወንዙ ወረዳችሁ» ብላችሁ እለፉ። ከሻጩ ጋር የሃያ ደቂቃ ክርክር የሚያምርላቸው ጠረጴዛዎች አሉ፤ እነሱ ይደሰቱበት። ካልሆነ ግን የማትፈልጉትን ነገር ለማጫወት ጊዜ አትፍጁ። ጊዜው ለባለ ጀልባው ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 2፦ ሰውየውን በአራት መስመር አዘጋጁ

የሦስት ገጽ የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም። በጨዋታው መሀል ማን ያነበዋል? እኔ አራት መስመር ብቻ እጽፋለሁ። የባለ ጀልባው ካርድ ይህን ይመስላል፦

ይፈልጋል፦ ወደ ማዶ ተሻግሮ የቀረውን የልጁን ወሬ።
ይፈራል፦ የወንዝ ጠባቂዎች ሌሊት ሲቀዝፍ ካገኙት ጀልባውን ይወርሱበታል።
አያደርገውም፦ ለገንዘብ ብሎ ሌሊት አይቀዝፍም።
ይታያል፦ ሌሊት ባይሠራም ፋኖሱ ሁልጊዜ በርቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች የድርድሩ መያዣ ናቸው። የሚፈልገውን የሰጠው ወይም የሚፈራውን ያስወገደለት ሰው ያሳምነዋል። ሦስተኛው ግድግዳው ነው። ተጫዋቾቹ ገንዘብ እየጨመሩ ሲገፉ እናንተም ሳታመነቱ እምቢ እንድትሉ ይረዳችኋል። አራተኛው ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ወደ መጀመሪያው መስመር የሚያስገባውም በር እሱ ነው። ሌሊት የማይቀዝፍ ሰው ፋኖስ ለምን ያበራል? ይህን የጠየቀ ተጫዋች ልጁን ያገኘዋል።

ያልተዘጋጃችሁለት ሰው ድንገት ከመጣስ? አንድ የቆየ ዘዴ አለ። በቀደሙት የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕጎች እንግዳ ፍጥረት ሲገናኛችሁ መሪው ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥላል። 2 ከመጣ ቀጥታ ጥቃት ነው። 12 ከመጣ ወዳጅነት ነው። ከ6 እስከ 8 ያለው ገና አልወሰነም ማለት ነው፤ ይህም ከ36 ውጤቶች 16ቱ ነው። ከግማሽ ትንሽ የሚያንሰው እንግዳ ስለ እናንተ ገና ሐሳቡን አልቆረጠም ማለት ነው፤ ለንግግር ደግሞ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ዳይሱን ጥላችሁ የመጀመሪያውን ስሜቱን ያዙና «ምን ይፈልጋል?» የሚለውን ብቻ እዚያው ሙሉ።

ደረጃ 3፦ በሚንቀሳቀስ ነገር ክፈቱ

«ወንዝ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለው አከፋፈት ተጫዋቹ ሁሉንም ነገር ከባዶ እንዲፈጥር ያስገድደዋል። በምትኩ ሽማግሌው አንድ ነገር እየሠራ ያግኙት። ከዓይን ሌላ አንድ ስሜት ጨምሩ፤ ድምፅ ወይም ሽታ ይበቃል። ከዚያ ጥያቄውን ለሁሉም ሳይሆን ለአንድ ሰው ወርውሩ።

«ፀሐይ ገብታለች። ውሃው የጀልባውን ጎን ይመታል። ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቷችሁ ገመድ እየቋጠረ ነው፤ አጠገቡ ፋኖስ በርቷል። ዞር ሳይል ‹ነገ ኑ› ይላል። ቀስተኛዋ፣ አንቺ ነሽ የቀረብሽው። ምን ትያለሽ?»

አምስት ሰው በአንድ ላይ ሲጠየቅ ማንም አይመልስም። አንድ ሰው በስሙ ሲጠራ ግን ይናገራል፤ እሱ ሲጀምር ደግሞ ሌላው ጣልቃ ይገባል።

ደረጃ 4፦ አንደበተ ርቱዕ ያልሆነውንም ተጫዋች አጫውቱ

ጠንከር ብዬ የምናገርበት ቦታ ይህ ነው። በር ሰብሮ ለመግባት ተጫዋቹ ከወንበሩ ተነስቶ በር አይሰብርም። ታዲያ ገጸ ባሕርይው ተናጋሪ ስለሆነ ብቻ ዓይን አፋሩ ተጫዋች ለምን ንግግር እንዲያደርግ ይገደዳል? «እንደ መልእክተኛ ተናገር እስቲ» የሚል መሪ ያንን ልጅ ለብዙ ሳምንት አፉን ያዘጋዋል።

ከተጫዋቹ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ምን ትጠይቃለህ? በምን ታሳምነዋለህ? እነዚህን በራሱ ቃል ሊጫወታቸው ይችላል፤ «ስለ ልጁ ጠይቄ ወሬ እናመጣልሃለን እለዋለሁ» ብሎ የሚያደርገውን ቢተርክም እኩል ዋጋ አለው። የሚመዘነው የያዘው መያዣ ነው፤ የንግግሩ ውበት አይደለም። ውብ ንግግር ሲመጣ ደግሞ ተደሰቱበት፤ ብቻ ለውበቱ ብላችሁ ነጥብ አትስጡ።

በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«አባባ፣ እባክዎ ያሻግሩን። በጣም ቸኩለናል።»
«ሌሊት አልቀዝፍም ልጄ። ነገ በማለዳ ኑ።»
«እጥፍ እንከፍላለን።»
መሪው ካርዱን ያያል፤ ግድግዳው ነው። «ሽማግሌው ገንዘቡን እንኳ አላየም። ‹ገንዘባችሁን ያዙ› አለ።»
እስካሁን ዝም ያለው ተጫዋች አንገቱን ቀና ያደርጋል። «ቆይ፣ ሌሊት ካልቀዘፈ ፋኖሱን ለምን አበራው?»
«ትጠይቀዋለህ?»
«አዎ። ‹አባባ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?› እለዋለሁ።»
«የሽማግሌው እጅ ገመዱ ላይ ቀጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዞረላችሁ።»

ልብ በሉ፣ እስካሁን ማንም ዳይስ አልጣለም። ያም ሆኖ ትዕይንቱ ተንቀሳቅሷል።

ደረጃ 5፦ ዳይሱን መቼ?

ከመጣላችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። ሊሳካ ይችላል? ሊከሽፍ ይችላል? ቢከሽፍ አንድ ነገር ይለወጣል? ከሦስቱ ለአንዱ መልሳችሁ «አይ» ከሆነ ዳይሱን ተዉትና ውጤቱን በቃል ተናገሩ።

ንጉሥ ዘውዱን አውልቆ ለመንገደኛ አይሰጥም። በባለ 20 ገጽ ዳይስ ትልቁ ቁጥር 20 ቢመጣም አይሰጥም። ማሳመን አስማት አይደለም። ከፍ ያለ ውጤት የሚያመጣው ሰውየው ሊያደርገው ከሚችለው ነገር የተሻለውን ነው፤ ምናልባት ንጉሡ በድፍረቱ ስቆ በሕይወት ይለቀዋል። በተቃራኒው ተጫዋቹ ሽማግሌው በጣም የሚፈልገውን ነገር በእጁ ይዞ ከመጣ፣ የልጁን ቀለበት እንበል፣ ለምን ይጣል? ይሻገራል።

ሲጣል ደግሞ መያዣው ቁጥሩን ይቀይር። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም እንዲሳካ መድረስ ያለበት ቁጥር ለቀላል ሥራ 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 ነው። በባዶ እጅ ልመና 20 ይሁን። ጥሩ ምክንያት የያዘ 15፣ ፍርሃቱን ያስወገደለት 10። ተጫዋቹ ከመጣሉ በፊት ቁጥሩን ንገሩት፤ ቢከሽፍ የሚሆነውንም ጭምር ንገሩት። ምስጢር ማድረጉ የሚጨምረው ነገር የለም። ዋጋውን አውቆ የጣለ ሰው ዳይሱ እስኪቆም ትንፋሹን ይይዛል።

አሁን ትንሽ ሂሳብ፤ ብዙ ትዕይንት የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ። ባለ 20 ገጽ ዳይስ፣ በገጸ ባሕርይው ችሎታ የሚደመርበት ጭማሪ 5፣ የሚፈለገው 15። አንድ ጊዜ ከጣላችሁ የመሳካት ዕድሉ 55 በመቶ ነው። መሪው ግን ሾልከው ሲገቡ «በሩ ጋ ጣል፣ ኮሪደሩ ላይ ጣል፣ ደረጃው ላይ ጣል» ካለ፣ ሦስቱም የሚሳኩበት ዕድል ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። አምስት ሰው እያንዳንዱ እንዲሳካለት ከተጠየቀማ 5 በመቶ ብቻ። ከዚያ «ተጫዋቾቼ መደበቅ አይወዱም፣ ሁሌ ይዋጋሉ» እንላለን። መደበቅ እንደማያዋጣ ያስተማርናቸው እኛው ነን።

በሌላ በኩል አምስቱም በየተራ ክፍሉን ከፈተሹና የአንዱ መሳካት ብቻ ከበቃ ዕድሉ 98 በመቶ ይደርሳል። ያ ደግሞ ፈተና አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ሐሳብ፣ አንድ የዳይስ ውርወራ። ሾልኮ መግባቱ ከበር እስከ ደረጃ በአንድ ውጤት ይለቅ። ቡድኑ በሙሉ የሚሳተፍ ከሆነ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ከተሳካለት ሁሉም ተሳካላቸው በሉ፤ አምስተኛው እትም የቡድን ውርወራን እንዲህ ነው የሚዳኘው። ፍለጋ ከሆነ አንዱ ይጣል፤ ሌላው ረዳው ከተባለ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይውሰድ። 55 የነበረው ወደ 80 ይወጣል።

ደረጃ 6፦ ክሽፈትን በር አድርጉት

አንድ ምሽት መቼም አልረሳውም። ተጫዋቾቼ የተቆለፈ የመዛግብት ክፍል ፊት ቆመው ነበር። የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ያለው ውስጥ ነው። ቁልፉን ለመክፈት ጣሉ፤ አልተሳካም። «አልተከፈተም» አልኩ። ሌላው ሞከረ። አልተከፈተም። አንድ ሰዓት ያህል በር ላይ ቆየን። በሩ እንደተዘጋ ነበር ወደየቤታችን የሄድነው። እነሱ ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን ለሳምንት አዘንኩበት።

ዛሬ ቢሆን «በሩ ተከፈተ፤ ግን መሣሪያህ ተሰብሮ ሲወድቅ ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። ከታች የእግር ኮቴ ይሰማል» እላለሁ። የከሸፈ ውርወራ «ምንም አልሆነም» ማለት የለበትም። አንዳንዴ የፈለጉትን ያገኛሉ፤ ግን ዋጋ ይከፍላሉ። አንዳንዴ አያገኙም፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ ይታያል። አንዳንዴ ደግሞ ሁኔታው ይብስና አዲስ ውሳኔ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ የሚባል ጨዋታ ይህን በሕጉ ውስጥ አስገብቶታል። ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ድምሩ 10 ወይም በላይ ከሆነ ሙሉ ስኬት ነው። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን ዋጋ ወይም ከባድ ምርጫ አለው። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ መሪው ሁኔታውን ያንቀሳቅሳል። ጭማሪ ከሌለ ከ7 እስከ 9 ያለው ከ36 ውጤቶች 15ቱ ነው፤ ሙሉ ስኬቱ 6 ብቻ። ሌላ ጨዋታ ብትጫወቱም ሐሳቡን መዋስ ትችላላችሁ። ለጥቂት ከከሸፈ፣ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ እንበል፣ «ይሆናል፤ ግን…» በሉና ዋጋውን ተናገሩ።

ባለ ጀልባው ላይ ቢከሽፍስ? «አሻግራችኋለሁ። ግን ከመካከላችሁ አንዱ ልጄን ፈልጎ እስኪመለስ ሌላኛው እዚህ ከእኔ ጋር ይቀራል።» ማን ይቀራል? አሁን ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መነጋገር ይጀምራሉ።

ደረጃ 7፦ የሚሞላ ክብ ሳሉ

ረዘም ላለ ትዕይንት፣ ለድግስ፣ ለፍርድ ወይም ለሌሊት ዘረፋ፣ ጊዜው ሲያልቅ የሚታይበት ነገር ያስፈልጋል። ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ የሚባለው ጨዋታ የሚጠቀምበት «ሰዓት» ለዚህ ድንቅ ነው። ክብ ትስላላችሁ፤ በ4፣ በ6 ወይም በ8 ትከፍሉታላችሁ፤ ነገሩ አንድ እርምጃ በቀረበ ቁጥር አንድ ክፍል ታጠቁራላችሁ። ሲሞላ ነገሩ ይደርሳል።

ለባለ ጀልባው «ትዕግሥቱ ሲያልቅ» የሚል ባለ 4 ይበቃዋል። ለቤተ መንግሥት ድግስ ሁለት ክብ ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ ባለ 6 «ጥርጣሬ» እና ባለ 6 «የልዕልቲቱ እምነት»። የትኛው ቀድሞ ይሞላል? ወረቀቱን ጠረጴዛው መሀል ላይ አድርጉት፤ አትደብቁት። እርሳሳችሁን ስታነሱ ሁሉም ዓይኑን ወደዚያ ይወረውራል።

ደረጃ 8፦ ለዝምተኛውም ሥራ ስጡት

በውጊያ ተራ ስላለ ሁሉም ይደርሰዋል። በንግግር ፈጣኑ አፍ ይወስደዋል። እናንተ ተራውን በልባችሁ ያዙ። ሁለት ሦስት ምልልስ ካለፈ በኋላ ካሜራው ይዙር፦ «እነሱ ሲያወሩ አንተ ወታደሩ የት ነህ? ዓይንህ ምን ላይ ነው?» ግዙፉ ሰይፈኛ ለንግግር አይመችም እንላለን። ግን የጠባቂዎቹን አቋም አይቶ «እነዚህ ደመወዝ ያልተከፈላቸው ናቸው» የሚለው እሱ ነው። የጦርነት ሰው ስለሆነ ያውቃል። ዳይስ መጣል አያስፈልገውም፤ ዝም ብላችሁ ንገሩት።

በድግስ ላይ ቡድኑን በትኑት። አንዱ ኩሽና፣ ሁለቱ ዳንስ ላይ፣ አንዱ በረንዳ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ልብ የሚሰቅል ነገር ላይ ቁረጡ፤ መልሱ ከመጣ በኋላ አትቁረጡ። «ልዕልቲቱ ዘወር ብላ ‹ስምህ ማን ነው?› አለችህ። እሺ፣ ኩሽና ውስጥ ያለሽው…»

ምርመራ ከሆነ

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ልጨምር። ያለ እሱ ታሪኩ የማይሄድበትን ፍንጭ ከዳይስ በስተጀርባ አትደብቁ። ጋምሹ የሚባለው የጨዋታ ሥርዓት በዚህ ላይ ነው የቆመው፦ ትክክለኛ ችሎታ ያለው መርማሪ ትክክለኛ ቦታ ላይ ከፈለገ ዋናውን ፍንጭ ያገኛል፤ አለቀ። ዳይሱ ተጨማሪውን ይወስን፦ በፍጥነት አገኘው? ማንም ሳያየው? ሌላ ዝርዝር አብሮ አየ? ተጫዋቾቹ እንዲደርሱበት ለምትፈልጉት እያንዳንዱ ድምዳሜም ቢያንስ ሦስት ፍንጭ በሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንዱን ያልፉታል፤ አንዱን በሌላ ይተረጉሙታል፤ ሦስተኛው ያደርሳቸዋል። ለእናንተ ግልጽ የሆነው መልሱን ስለምታውቁት ነው።

ጸጥ ያሉ ትዕይንቶች

እሳት ዳር ሲቀመጡ ግጭት ማስገባት የለባችሁም። ለአንዱ ተጫዋች አንድ ጥያቄ ስጡና ዝም በሉ። «ከቡድኑ ማንን ነው ገና ያላመንከው?» አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የሚሞቅ ከሆነ አትንኩት። ፍቅር ወይም ማሠቃየት የመሰለ ነገር ሲመጣ ግን አስቀድማችሁ ድንበሩን ተነጋገሩ። «እዚህ ላይ መጋረጃው ይዘጋል» ብሎ ወደ ማግስቱ ማለፍ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ምክንያት መጠየቅም አያስፈልግም።

የመጨረሻው ደረጃ፦ ቁረጡት

በደረጃ 1 የጻፋችሁት ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ትዕይንቱ አልቋል። ሽማግሌው «ግቡ» ካለ በኋላ ስለ ቀዘፋው ዋጋ ሌላ ድርድር አትጀምሩ። ተመሳሳይ ክርክር ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስም ቁረጡት፦ «ጠይቃችሁታል፣ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ አሁን ምን ትወስናላችሁ?» በአንድ ምስል ዝጉ፤ ጀልባው ሲንቀሳቀስ፣ ፋኖሱ ውሃው ላይ ሲወዛወዝ።

ተጫዋቾቹ ሲሄዱ ሁለት ደቂቃ ቆዩና በካርዱ ጀርባ ምን እንደተለወጠ ጻፉ። «ልጁን ሊፈልጉለት ቃል ገቡ። ቀስተኛዋ ገመዷን ሰጠችው።» በሚቀጥለው ወር ወደዚያ ወንዝ ሲመለሱ ካርዱን አውጡ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ ስለ ፋኖሱ ይሁን፦ በርቷል፣ ወይስ ጠፍቷል?